ቅቤ የጠጣው ኮምፕሬሰር

ሆሳዕና ውስጥ «የመኪና ኤሲም እሠራለሁ» ስል ሰው ይስቅብኛል። እውነታቸውን ነው። ክረምት ከበጋ ጃኬት በሚለበስበት ከተማ ቀዝቃዛ አየር ማን ይፈልጋል? እንጀራዬ ፍሪጅ ነው። የሥጋ ቤት ፍሪጅ፣ የግሮሰሪ ፍሪጅ፣ የጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ፤ በቃ። በዚህ ሁሉ ዓመት የሠራሁት የመኪና ኤሲ በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነሱም አንዱ ብቻ ነው እስካሁን ከልቤ ያልወጣው።

መኪናዋ የአባታችን ናት። አባቴ አንጋጫ አካባቢ የነበረ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ሹፌር ነበር። ነጮቹ ጠቅልለው ሲሄዱ መኪናዋን ለእሱ ትተውለት ሄዱ። ጀርመን ሠራሽ ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፣ ኮፈኗ እንደ አልጋ የሰፋ ነው። ነጮቹ ቆላ ለቆላ ይዞሩባት ስለነበር ከፋብሪካ የወጣችው ከነኤሲዋ ነው። አባቴ ግን የአንጋጫ ሰው ነው። «ብርድ በነፃ በሚታደልበት አገር ለብርድ ብዬ ነዳጅ አላቃጥልም» ብሎ ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕሬሰር፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ኮንዴንሰር፣ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው። አልሸጣቸውም፣ አልጣላቸውም፤ ለእናቴ «አስቀምጪልኝ» ብሎ ሰጣት። እሱ ሲሞትም ሳጥኑ አንጋጫ ባለው ቤታችን ቆጥ ላይ እንዳለ ቀረ።

ታላቅ እህቴ አስተማሪ ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ኩራዝ ስትሞላ ፈነዳባት። ላምባው ቤንዚን ተቀላቅሎበት ነበር። ከአንገቷ በታች ያልተቃጠለ ቦታ ከሰውነቷ ትንሽ ነው። ተረፈች፣ ተማረች፣ እኔን ራሴን ሂሳብ አስተማረችኝ፤ ግን የተቃጠለ ቆዳ አያልብም። ሰው ሙቀት ሲበዛበት በላብ ያወጣዋል፤ እሷ የምታወጣበት የላትም። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ እንደተገጠመ ድስት ውስጥ ውስጡን ትግላለች። ሆሳዕና ውስጥ ምንም አይሆናትም። ቆላ ወርዳ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆይ ግን ራሷን ትስታለች፤ ከዚያ ካለፈ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮናል፣ ትሞታለች።

እናታችን ደግሞ አባታችን ከሞተ በኋላ ታላቅ ወንድማችን ጋ ወረደች። እሱ ከሙዱላ ቁልቁል ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ እርሻ ይዞ ይኖራል። መጀመሪያ ላይ ወደ ሆሳዕና የምትመጣው እሷ ነበረች፤ ቅቤዋንና ማሯን ተሸክማ አውቶቡስ ተራ ድረስ ትመጣልን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ልቧ ደከመ። እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ሐኪሙ «ይህን መንገድ አትችልም፣ እንዳታንቀሳቅሷት» አለ። እናት መውጣት አትችል፣ ልጅ መውረድ አትችል። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ!

«ለምን ሌሊት አትወርዱም?» ያለን ሰው ብዙ ነው። እሺ፣ ሌሊት ወረድን እንበል፣ ቀኑንስ የት ትዋል? የወንድሜ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ዶሮዎቹ እንኳ አይገቡበትም። አምና ኤሲ ያለው መኪና ተከራየን። ሹፌሩ «ኤሲው አንደኛ ነው» አለን። ሆሳዕና ላይ ማን ሞክሮት ያውቃልና! ከሙዱላ እንደወረድን የሚነፍሰው አየር ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ። እህቴ ዝም አለች። ፊቷ ቀላ፣ ወሬዋ ተምታታ፣ በመጨረሻ እኔን በአባቴ ስም ጠራችኝ። ያኔ ሹፌሩን አስዙሬ እንደ እብድ እየጮህኩ ሙዱላ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። በእርጥብ አንሶላ ጠቅልለው አተረፉልኝ። ከእናታችን ደጅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶን ነበር።

ዘንድሮ የካቲት ላይ ወንድሜ ደወለ። «እህል አልቀምስም ብላለች» አለኝ። «እሷን ሳላይ፣ እሷን ሳላይ ብቻ ነው የምትለው።»

በዚያው ቀን እህቴ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወርክሾፔ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«የአባባን መኪና ኤሲ ሥራልኝ» አለች።

«ቆጥ ላይ ስንት ዓመት የተረሳ ብረት ነው እኮ!»

«ኪራይ መኪና ላይ ሁለተኛ አልወጣም። አንተ ያልሠራኸው ኤሲ ውስጥ አልቀመጥም።»

«እኔ ፍሪጅ ሠሪ ነኝ፤ ፍሪጅ ሌላ መኪና ሌላ!»

«እንግዲያው ፍሪጅ ውስጥ ከተህ ውሰደኝ» አለችና ሄደች። እንዲህ ናት። ተቆጥቼባት አላውቅም አልልም፣ ቀን በቀን እቆጣታለሁ፤ አሸንፌያት ግን አላውቅም።

መጀመሪያ አቋራጭ ፈለግሁ። አዲስ ኮምፕሬሰር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የሞተሩ መቀመጫ ላይ አልቀመጥ አለ፤ በብረት ቁራጭ አስተካክዬ ባስረውም የሚያዞረው ቺንጋ እየተንሸራተተ በአንድ ቀን ተበላ። ለሌላ መኪና ቢሆን ደጋግሜ እሞክር ነበር። ይህ ግን ከሙዱላ በታች ቢበጠስ ጥገና የሚባል ነገር የለም። እዚያ ከቆመ እህቴ አለቀች ማለት ነው። ስለዚህ የራሷ የመኪናዋ ዕቃ፣ ፋብሪካው ለዚያ ቦታ ብሎ የሠራው፣ መመለስ ነበረበት። አንጋጫ ሄጄ ሳጥኑን ከቆጥ አወረድኩ።

እያንዳንዱ ዕቃ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል። የእናቴ እጅ ነው፤ ቋጠሮዋን አውቀዋለሁ። እሰይ አልኩ፣ አቧራ አልገባበትም ማለት ነው። ወርክሾፕ ወስጄ የኮምፕሬሰሩን ቃጫ ስፈታው ግን የቆየ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጋዝ የሚገባበትም የሚወጣበትም ቀዳዳ በቅቤ ተወትፏል። ዘንጉን በፒንሳ ይዤ ላዞረው ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! ቧንቧዎቹን አየሁ፣ በውስጣቸው ቅቤ። ጎማዎቹ አብጠው እንደ ተቀቀለ ባቄላ ተልፈስፍሰዋል። ደሜ ፈላ። ወንድሜ ጋ ደውዬ «አማን ስጠኝ» አልኩት፤ እናታችንን እንዲህ ነው የምንጠራት።

«አማ፣ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ቅቤ የጨመረው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ» አለች በከምባትኛ፣ ደከም ባለ ግን ኩራት ባለበት ድምፅ። «ብረት ሲደርቅ ይዝጋል። አንጥሬ አፈሰስኩበት። ዓመት ዓመት መስቀል በደረሰ ቁጥር ከመስቀሉ ቅቤ ላይ ቀንሼ እጨምርበት ነበር።»

የመስቀል ቅቤ እኛ ጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ማንኪያ ማንኪያ እያጠራቀሙ፣ ከልጆቻቸው አፍ እየከለከሉ የሚያስቀምጡት ነው። ከዚያ ላይ ነው ለአባቴ ብረት የቀነሰችው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ታዲያ በዚያች ሰዓት አሰብኩት? አላሰብኩትም።

«ማሽን እኮ ነው! ቆጮ መሰለሽ እንዴ? ገደልሽው፣ በቃ ገደልሽው!» ብዬ ጮህኩባት።

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለች፤ ከዚያ የወንድሜ ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው ያልካት አንተ? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ልቧ በደከመ፣ እህል በተወች እናቴ ላይ ነው የጮህኩት። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ፤ ግን እልኬም አልበረደልኝም ነበር።

በእልኬ ኮምፕሬሰሩን ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፌ ሙቅ ውሃ አፈሰስኩበት። ቅቤው እየቀለጠ ብጫ ሆኖ ተንሳፈፈ። ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየርኩ። ከዚያ ቡሎኖቹን ፈትቼ ጭንቅላቱን አነሳሁና ሁለቱን ሲሊንደሮች በፎጣ ጠረግኋቸው።

አንዲት የዝገት ነጥብ የለም! ግድግዳው ፊቴን እስኪያሳየኝ ያበራል። ፒስተኖቹ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ዘንጉ፣ ሁሉም ትናንት ከፋብሪካ የወጡ ይመስላሉ። በደረቁ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በዚያ የአንጋጫ ጉም እርስ በእርሱ ተበላልቶ አንድ ጉማጅ ብረት ነበር የማገኘው። ቅቤው ጎማውን በልቷል፣ የቧንቧዎቹን መዳብ አረንጓዴ አድርጎ ነክሶታል፤ ልቡን ግን ጠብቆልኛል።

እጄን ሳልታጠብ ደወልኩ። ወንድሜን «ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግላት» አልኩት።

«አማ፣ ብረቱ እንደ መስታወት ነው። ይቅር በይኝ።»

«ምን አልኩህ!» አለች። ከዚያ «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ። ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እሽቅድድም ነበሩ። መዳቦቹን በብርጭቆ ወረቀት አሻሁ፤ ቅቤው የበሳውን አንዱን ቧንቧ በብር ዘንግ በየድኩት። ኮንዴንሰሩን ክንፍ በክንፍ በቀጭን ካቻቢቴ አቃናሁት። ትናንሽ ጎማዎቹን ከሆሳዕና የከባድ መኪና ዕቃ መሸጫዎች እየለካሁ ሰበሰብኩ። ዋናው ግን የዘንጉ ጎማ ነው። ጋዙን ውስጥ የሚይዘው እሱ ነው፣ ከእሱ ካፈተለከ ሁሉም ከንቱ ነው። መርካቶ ያለ አንድ የሥራ ጓደኛዬ የድሮ ዕቃ ሲያተራምስ ውሎ አገኘልኝና በአውቶቡስ ላከልኝ። እሱን ስጠብቅ ያለፉት ሦስት ቀናት ሦስት ወር ሆኑብኝ፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ወንድሜ ይመስለኝ ነበር።

የቀረውን የቅቤ ቅሪት ለማውጣት ቧንቧዎቹን በቤንዚን ማጠብ ነበረብኝ። እህቴ ደግሞ ከክፍል በወጣች ቁጥር ትመጣለች። ቤንዚን ሲሸታት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ቤንዚን ነው እኮ!»

«አየሁት። እናቴ ጋ ከሚያደርሰኝ ነገር አልሸሽም» አለችና በሩ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ነበር። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ የቀረው ማፍሰስ አለማፍሰሱን መፈተሽ ነበር። ይህ የሚፈተሸው በናይትሮጅን ነው። ያን ሳምንት ሆሳዕና ውስጥ ናይትሮጅን የለም፤ ዱራሜም ደወልኩ፣ የለም። በዚያ መሃል የወንድሜ ስልክ። «ዛሬ ቃል አልወጣትም። የምትመጡ ከሆነ ነገ ኑ» አለኝ። ጎረቤቴ በያጅ ነው፤ ስንከራተት አየኝና «ምን ታስባለህ፣ ኦክስጅኔን ውሰድ እንጂ! እኔ ሁልጊዜ በሱ ነው የምፈትሸው» አለና ሲሊንደሩን እያንከባለለ አመጣልኝ።

ኦክስጅንና ቅባት ግፊት ውስጥ ሲገናኙ እሳት አይጠብቁም፣ ራሳቸው ይፈነዳሉ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሥራ ላስተማርኳቸው ሁሉ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርቴ ነው። ግን በዚያች ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው «ነገ ኑ» የሚለው ብቻ ነበር። ታጥቧል፣ በሦስት ውሃና በቤንዚን ታጥቧል፣ ምንም የለበትም ብዬ ቱቦውን ገጠምኩ። እህቴ ከበርጩማዋ ተነስታ ሁለት እርምጃ ያህል አጠገቤ መጥታ ኮፈኑ ውስጥ ታያለች። የሲሊንደሩን ቫልቭ ያዝኩ።

አውራ ጣቴ አዳለጠኝ። አየሁት። ብጫ ነገር ነው፣ ከማያያዣው ሥር የወጣ፣ ጤፍ የምታህል ቅቤ።

ቫልቩን አልከፈትኩም። ቱቦውን ፈትቼ ሲሊንደሩን እስከ በሩ ድረስ ገፋሁት፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ «ምን ሆንክ?» አለች። «ምንም» አልኳት። ምንም! እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን በእኔ እጅ፣ ልትቃጠል አንድ ጥምዘዛ ነበር የቀረው። በያጁን በኋላ ላይ ሳገኘው ሲሊንደሩን ብቻ መለስኩለት፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ምን ልበለው? እህቴንም አልነገርኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ማያያዣዎቹን በሙሉ እንደገና ፈትቼ አጠብኩ። ጎሚስታው ጋ ሄጄ የጎማ መንፊያውን ንፋስ ለመንኩት፤ በዚያ ሞልቼ በሳሙና አረፋ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አየሁ። አረፋው አልተነፋም። የንፋሱን እርጥበት ለማውጣት የፍሪጅ ቫኪዩም ፓምፔን አስገጥሜ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሳላጠፋ አስጮኽኩት። አዲስ ዘይት አደረግሁ፣ ጋዝ ሞላሁ፣ ሞተሩን አስነስቼ ማብሪያውን ጫንኩት። ኮምፕሬሰሩ «ጠቅ» ብሎ ያዘ። ለክትባት ፍሪጅ የምጠቀምበትን ቴርሞሜትር አየር መውጫው ላይ ሰካሁት። ሃያ፣ አሥራ አራት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት። እህቴ ፊቷን አየር መውጫው ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። በያጁ ከውጭ ሆኖ «ሆሳዕና ላይ ኤሲ! ጉድ እኮ ነው» አለ። ሳቅ አልመጣልኝም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወጣን። ኋላ ወንበር ላይ አራት ጀሪካን ውሃና የታጠፉ አንሶላዎች ጫንኩ። አንጋጫን፣ ዱራሜን፣ ሀደሮን በመስኮት አየር አለፍን፤ ሙዱላ ስንደርስ መስኮቱን ዘግቼ ኤሲውን አበራሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ያየሁት በግማሽ ዓይኔ ነው። ግማሹ ቴርሞሜትሩና የሞተሩ ሙቀት መርፌ ላይ ነበር። አሮጌ ሞተር በዚያ ቆላ ኤሲ ተሸክሞ ይሞቃል፤ ከሞቀ ወይ ኤሲውን አጠፋለሁ ወይ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል።

«ወደ ፊት እይ» ትለኛለች። «እኔን አትይ፣ ደህና ነኝ።»

«አንቺ አምናም ደህና ነኝ ስትዪ ነበር!»

አምና ከተመለስንበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ አይሱዙ ፒስታውን ዘግቶ ቆሟል። የኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቷል፣ ሰው ከቦታል። በየት ይታለፋል? ቆምን። መኪና ሲቆም ራዲያተሩ ንፋስ ያጣል፤ መርፌው መውጣት ጀመረ። ቴርሞሜትሩም ከስምንት ወደ አሥራ አንድ፣ ወደ አሥራ አምስት ወጣ። ኮፈኑን ከፍቼ ጀሪካን አነሳሁና ኮንዴንሰሩ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመርኩ። ውሃው ብረቱን ሲነካ ይጮሃል። አንዱ ጀሪካን አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። በመስታወቱ ውስጥ እህቴን አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች። «እባካችሁ፣ በሽተኛ ይዣለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎቹ ጭነቱን ማራገፍ ትተው በትከሻቸው ገፉት፤ አይሱዙው ሲንፏቀቅ በጠርዙ በኩል አንድ ጎማዬ ቦይ ውስጥ እየተንጠለጠለ አለፍኩ። ሦስተኛው ጀሪካን ግማሽ ላይ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜ ግቢ ገባን። መኪናዋን ማንጎ ዛፍ ሥር አቆምኳት፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። ውጭ ያለው አየር በሩን ስከፍት እንደ ምጣድ ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። እህቴ እንዳትወርድ ቀድሜ ነግሬያታለሁ። እናቴን ከነወንበሯ ተሸክመን እናመጣታለን ያልነው እኔና ወንድሜ ነን፤ የማትችል ነበር የመሰለን። ድምፃችንን ስትሰማ ግን ራሷ «አንሱኝ» አለች። ጋቢዋን እንደለበሰች፣ መቁጠሪያዋ እጇ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ኋላ ወንበር ላይ ከእህቴ ጎን አስቀመጥናትና በሩን ዘጋነው።

እንዴት እንደተያዩ ልናገር አልችልም። እናቴ የእህቴን ጠባሳ ከክንዷ ጀምራ እስከ አንገቷ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ የሆነ ነገር የጎደለ እንደሆነ የምትቆጥር ይመስል። እህቴ ጭኗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ በመስታወቱ አያለሁ። ቴርሞሜትሩ ሰባት ላይ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ የእናቴ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቆላ የከረመ፣ ደሙ የደከመ ሰውነት ነው። ጃኬቴን አለበስናት፣ አንሶላዎቹን ደረብንላት። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። ይህን እንዴት አላሰብኩትም? ሳምንታት ሙሉ ቅዝቃዜ ስሠራ፣ እህቴን ብቻ ሳስብ፣ ማን ሊበርደው እንደሚችል አንድ ቀን አላሰብኩም። እህቴ ከኋላ ተንጠራርታ፣ በእኔ ትከሻ ላይ አልፋ፣ ማብሪያውን አጠፋችው።

«ምን እያደረግሽ ነው!» አልኳትና ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ። እጄን መታችኝ።

«ተው! እየበረዳት ነው።»

አየሩ ወዲያው መሞቅ ጀመረ። እናቴ ቀስ በቀስ ተፈታች፣ ከንፈሯ ቀለሙ ተመለሰ፣ መናገር ጀመረች። እህቴ ትስቃለች፣ ታወራላታለች፣ ስለ ተማሪዎቿ ትነግራታለች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነው። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። ፊቷ ቀላ። አንድ ቃል ደገመች። እናቴ ይህን ጊዜ መዳፏን የእህቴ ግንባር ላይ አደረገች።

«ነደደች» አለችኝ። «እኔን አውርደኝ። አብራላት።»

አወረድኳት። በሩን ዘጋሁ፣ አበራሁ። እናቴን ማንጎው ሥር በወንበሯ አስቀመጥኳት፤ በመስኮቱ በኩል ይተያያሉ። እህቴ ስትበርድ ኤሲውን አጥፍቼ እናቴን አስገባለሁ፤ እህቴ ስትሞቅ እናቴን አውጥቼ አበራለሁ። ወንድሜ ኮንዴንሰሩ ላይ ውሃ ያፈስልኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አምስት ጊዜ አስገባኋት፣ አምስት ጊዜ አወጣኋት። አጥንቷ ብቻ ነበር የቀረው፣ ከኮምፕሬሰሩ አትከብድም። በአምስተኛው ላይ ተሸክሜያት ሳለ ጆሮዬ ሥር «እንደገና ይዘሃት ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ።

«እመጣለሁ አማ፣ ምን ችግር አለ፣ ኤሲው እንደሁ ይሠራል» አልኳት።

በስምንተኛው ቀን ለቀብሯ ወረድን። ኤሲው ከሙዱላ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አንዴም ሳይቋረጥ ሠራ። እህቴ ኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች። የሚበርደው ሰው ስላልነበረ ማንም አጥፉት አላለንም።